አንድ ጣት፣ አንድ ዘፈን

ቡሄ አለፈ፣ እንቁጣጣሽም እየደረሰ ነው። ልጆቹ ገና ቤት ናቸው፤ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ቤቱም ሳሎኑም የእነሱ ነው። በዚህ ክረምት ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን አንድ ነገር እንዲማሩ ሳታስመዘግቡ አልቀራችሁም፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ኮምፒውተር፣ ሌላው ቴኳንዶ። እኛ ቤት የገባው ጊታር ነው። ዛሬ ስለ እሱ ላጫውታችሁ። ስነግራችሁ ግን የራሴን ጥፋት አልደብቅም።

የልጅ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ሰኔ ላይ ጥሩ ውጤት ስላመጣ እናቱ ያገለገለ ጊታር ገዛችለት። በሳምንት ሁለት ቀን ቤት እየመጣ የሚያስተምር ወጣትም ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ጊታሩን አቅፎ ለመተኛት ምንም አልቀረውም። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮ አይቼ “አያምህም?” ስለው፣ “ያማል አባባ፤ ግን ደስ የሚል ሕመም ነው” ይለኝ ነበር።

አንድ እሁድ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ተፈላ። እኔም አያት ነኝና ልኮራበት ፈለግሁ። “ና እስቲ፣ ጊታርህን አምጣና ትዝታን ተጫወትልን” አልኩት። ልጁ ደነገጠ። “አባባ፣ እኔ እኮ ገና ኮርድ ነው የተማርኩት” አለ። “ይህን ያህል ጊዜ ተከፍሎልህ ትዝታ አትችልም?” አልኩት። ምን ያድርግ፣ አመጣው። አንድ ጊዜ መታና ቆመ። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያየ ወደ ሌላው ኮርድ እስኪያዛውር ቤቱ በሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀው። ሁለተኛውን ሲመታው ተንጣጣ። ይሄኔ ሳቄ መጣ። “ይሄማ ዘይት ያጣ በር ነው!” አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀና ጊታሩን ይዞ ገባ።

በነጋታው ጊታሩ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ተወሽቆ ተገኘ። አስተማሪው ሲመጣ ልጁ “ሆዴን አመመኝ” አለ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ልጄ ሁለት ቀን ዝም አለችና በሦስተኛው ቀን፣ “አባዬ፣ ያን ቀን ባትስቅበት ጥሩ ነበር” አለችኝ። “ቀልድ እኮ ነው! የዛሬ ልጅ ቀልድ አይችልም?” ብዬ ተቆጣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ የራሴ ልጅነት ነው። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ ክራር ሠርቼ ነበር። ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት፣ አንድ አግዳሚ፣ ለክሩ ደግሞ ከአሮጌ የብስክሌት ፍሬን የተፈታ ሽቦ። ከጓሮ ተደብቄ ስነካው አባቴ ደረሱብኝ። አልመቱኝም። ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጡና በጫማቸው ረገጡት። “በእኛ ዘር አዝማሪ የለም” አሉ፤ በቃ። ያኔ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ለሠርግ ይጠራል እንጂ ልጅን እንደ እሱ ይሁን የሚል ወላጅ ጥቂት ነበር። አባቴን አልፈርድባቸውም፤ ዘመናቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መሣሪያ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ያን ሌሊት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አባቴ በእግራቸው ያደረጉትን እኔ በሳቄ ማድረጌ ነው።

በማግስቱ ልጁ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ጊታሩን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወጣሁት። ተቀምጬ አቀፍኩትና አንዱን ክር ተጭኜ መታሁት። ድምፁ የታፈነ ጠርሙስ ይመስላል። ሌላውን ሞከርኩ፤ ያው ነው። ጣቴን ሲቆርጠኝ ጊዜ ልተወው ስል ልጁ ከነዳቦው በሩ ላይ ቆሟል።

“አባባ፣ ገልብጠህ ነው የያዝከው” አለኝ።

“ያን ቀን የሳቅሁብህ ጥፋቴ ነው” አልኩት። “ይሄ ነገር እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እስቲ አንተ አስተምረኝ።”

ትንሽ አሰበና ዳቦውን አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

እናንተም ከልጃችሁ ጎን ተቀምጣችሁ መጀመር ትችሉ ዘንድ፣ እሱ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ጊታር ስድስት ክር አለው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ይባላሉ። አቆጣጠራቸው ግን ከቀጭኑ ነው የሚጀምረው፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ ነው። አንገቱ ላይ በተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች መካከል ያለው ቦታ ፍሬት ይባላል። ጣት የሚያርፈው ብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ አጠገብ፣ ከኋላው ነው። የእኔ ድምፅ የታፈነው ከብረቱ ርቄ ስለተጫንኩ ኖሯል።

“ትልልቆቹን ኮርዶች ተዋቸው፤ በአንድ ጣት እንጀምር” አለኝ። 1ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ተጭናችሁ አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ወደ ታች ብትመቱ፣ ጂ የሚባለው ኮርድ ይወጣል። ያን ጣት አንሥታችሁ 4ኛውን ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ብትጫኑ ደግሞ ኢ ማይነር ይሆናል። ሁለት ኮርድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጣት። ሙሉዎቹ ኮርዶች ሁለት ሦስት ጣት ይፈልጋሉ፤ እነሱ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ልጁ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት” እያለ ቆጠረልኝ፤ እኔ አራት ጊዜ ጂ፣ አራት ጊዜ ኢ ማይነር መታሁ። ለመዛወር ስዘገይ ቆጠራውን አላቆመም፤ እኔም አልሳቀብኝም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አስተማሪው ተመልሶ ሲመጣ፣ ስለዚያች ስለጠየቅኳት ትዝታ አንሥቼ አንድ ደስ የሚል ነገር ሰማሁ። የጊታርን ክሮች ምንም ሳንጫን ብንነካቸው፣ ኢ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ የተለያዩት ድምፆች አምስት ናቸው። ከጂ ጀምረን ስንደረድራቸው ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይሆናሉ። ይህ ደግሞ ሜጀር ትዝታ የሚባለው ቅኝት ራሱ ነው! በቅደም ተከተል ለመስማት 3ኛውን ክር እንዳለ፣ ከዚያ ያንኑ 2ኛው ፍሬት ላይ፣ ቀጥሎ 2ኛውን ክር እንዳለ፣ ከዚያ ያንኑ 3ኛው ፍሬት ላይ፣ በመጨረሻ 1ኛውን ክር እንዳለ መንካት ነው። ሞክሩት፤ ጆሯችሁ ወዲያው ያውቀዋል። ጊታር የውጭ ዕቃ ነው እንላለን እንጂ ከጆሯችን ብዙ የራቀ አይደለም። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን የሰላም ስዩምን ጊታር የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ቅኝቱን ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ ትዝታን መጫወት ሌላ። ያ ዓመታት ይፈጃል። እኔ ከልጁ የጠየቅሁት ፊደል የቆጠረ ሕፃን ቅኔ ይዝረፍ ብሎ እንደ መጠየቅ ነበር።

ታዲያ በምን ዘፈን ይጀመር? ልጁ ስልኩ ላይ ለጀማሪ ቀላል የተባሉ ብዙ የፈረንጅ ዘፈኖች አሉት። አንዳንዶቹ በእርግጥም ሁለትና ሦስት ኮርድ ብቻ ናቸው። ችግሩ ዜማቸውን በደንብ አያውቀውም፤ እኔ ጭራሽ አልሰማኋቸውም። ስለዚህ ጣቱም ጆሮውም እኩል አዲስ ነገር እየተማሩ ነበር። “ጆሮህ የሚያውቀውን እንያዝ፤ ጣትህ ብቻ ይማር” አልኩትና ሆያ ሆዬን አነሣን። ይህን ዘፈን የማያውቅ ልጅ የለም። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ምቱን ዱላው መሬት ላይ እየመታ ይጠብቀዋል። ልጁ ጂን ብቻ በዱላው ቦታ መታ፣ እኔ አወጣሁ፣ እናቱ ከማድ ቤት ተቀበለች። ኮርድ መቀየር የለም፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሄደ ዘፈን ነው። ልጁ ጊታር ከያዘ ጀምሮ የጨረሰው የመጀመሪያ ዘፈን እሱ ነው።

የቡሄ ዕለት ማታ የሰፈር ልጆች ዱላቸውን ይዘው በራችን ላይ መጡ። ምንም አላልኩትም፤ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ልጁ ራሱ ተነሥቶ ጊታሩን ይዞ ደጅ ወጣ። ልጆቹ ያዜማሉ፣ እሱ ይመታል። መሀል ላይ ጣቱ ስቶ አንድ ሁለት ጊዜ ተንጣጣ። ማንም ዘወር ብሎ አላየውም፤ ዘፈኑ ማንንም ስለማይጠብቅ እሱም ቶሎ ብሎ ተመልሶ ገባ። ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሲሄዱ አብሯቸው ወደሚቀጥለው በር ሄደ። ጊታሩ ዝናብ እንዳይመታው እናቱ ነጠላዋን ይዛ ተከተለችው።

ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩትን ለእናንተም ላካፍል።

መጀመሪያ ዕቃው። ለትንሽ ልጅ ሙሉ መጠን ያለው ጊታር አይመችም፤ ሦስት አራተኛ የሚባል አነስ ያለ አለ። የናይለን ክር ያለው ከብረት ክሩ ይልቅ ለጀማሪ ጣት ይለሰልሳል። ነገር ግን ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አታስሩበት፤ የብረቱ ውጥረት ስለሚበልጥ ዕቃውን ሊሰብረው ይችላል። ያገለገለ ስትገዙ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ክሩ ከአንገቱ በጣም ከራቀ ልጁ ለመጫን ይሰቃያል። ሁልጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ቃኙ። ለዚህ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን መተግበሪያ አለ። ያልተቃኘ ጊታር የያዘ ልጅ በትክክል ቢጫወትም ድምፁ ስለማያምር ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል።

ሁለተኛ ጊዜው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከማስጨነቅ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሻላል። የግራ እጁን ጥፍር አሳጥሩለት። የጣቱ ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያመዋል፤ እየጠነከረ ሲሄድ ሕመሙ ይቀራል። እስከዚያ ሲያመው ያሳርፈው።

ሦስተኛ ዘፈኑ። ቤታችሁ ሁሉም የሚያውቀውን ምረጡ። ድምፁ ለልጁ ጉሮሮ ከወረደበት አንገቱ ላይ የሚቆነጠጥ ካፖ የሚባል መያዣ አለ፤ ጣቱን ሳይቀይር ዜማውን ከፍ ያደርግለታል። ሁለቱን ኮርድ ካላመደ በኋላ ሲን እና ዲን ይጨምርበት። ጂ፣ ሲ እና ዲን የያዘ ልጅ የልደት ዘፈኑን መምታት ይችላል፤ በየቤቱ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚዘፈን ታውቁታላችሁ።

አራተኛው የእኛ ድርሻ ነው። እኛ አያቶች ኮርድ አናውቅም፤ ዘፈን ግን እናውቃለን። ልጆቹ ስልኩንና ጣቱን ይዘዋል፤ ዜማውና ምቱ ያለው እኛ ዘንድ ነው። ቁጭ ብለን እናዚም፣ እናጨብጭብ፤ ሲስት አንቁም፤ ማረፊያው ላይ ይጠብቀን። ዘመድ ሲመጣ ግን “ተጫወትልን” አንበል። ሲፈልግ ራሱ ያወጣዋል።

አሁን አበባየሆሽን ጀምረናል፤ ታናሽ እህቱ ከጓደኞቿ ጋር እየተለማመደች ነው። እሱ ጂን እና ኢ ማይነርን ያፈራርቃል፣ እኔ አጨበጭባለሁ። የእኔም ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀይ መስመር አለ፤ ደስ የሚል ሕመም ያለው እውነቱን ነው።

ትዝታን እስካሁን አልተጫወተልኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ቸር እንሰንብት።