መስተፋቅር የሌለበት የፍቅር ታሪክ



ከመግሪብ በኋላ አንድ ተማሪ ጎኔ ቁጭ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ የሚያስቅ የፍቅር ልቦለድ ማንበብ ሐራም ነው?» አለኝ። «ፍቅሩ በምን መጣ?» ብዬ መልሼ ጠየቅኩት።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚሁ ከባሕር ዳር በጀልባ በምንሻገርባት ዘጌ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው መጽሐፍ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። የድሮ ነገሥታት ተረት ይመስላል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች፤ አንዲት ልጃገረድ ወንድ መስላት ትወዳታለች። ያስቃል! ሳቁ ግን ከልብሱ ነው እንጂ ከክታብ አይደለም።

መጨረሻው ላይ ንጉሡ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል። ለሙሽራ ተብሎ ሃይማኖት ሲለወጥ፣ ወደ እኛም ቢሆን፣ እኔ ደስ አይለኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ዓይነት ታሪክ ነው፤ ሻይ ውስጥ አንድ ነገር ጠብ ተደርጎ ሰው በፍቅር የሚያብድበት። «ቀልድ እኮ ነው» ትሉኛላችሁ። ወገኖቼ፣ እኛ ዘንድ መስተፋቅር ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራው አለ! ሲሕር በባልና በሚስት መካከል እንደሚገባ ሱረቱል በቀራ (2፡102) ነግሮናል። ደግሞስ ኒካሕ ሲታሰር የልጅቱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ በድግምት የተያዘች ልጅ ምኗ ይጠየቃል?

ልጁን «አንብብ፤ ፍራሽ ሥር ግን አትደብቀው። ስትጨርስ አምጣውና እናውራበት» አልኩት።

ወላሁ አዕለም።