ስለ ጠረጴዛ ጨዋታ የቀረበ ጥያቄ

በአሜሪካ የሚኖሩ አንድ አባት፣ ልጃቸው ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተውን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ ይከለክሉት ዘንድ ይገባ እንደሆነ ጠይቀውናል። ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደርሰውት በ1974 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድን ጀግና ጠባይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ የሚያጠራጥረውን ነገር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይቈርጠዋል።

በ1980ዎቹ በዚያ አገር ብዙ ወላጆች፣ አስማት ያስተምራል ብለው ሰግተው ነበር። ስለ አጋንንት የሚናገረውን ገጽ እኛም አልወደድነውም። ይልቁንም የሚያሳስበን የጠረጴዛው ሰላም ነው። አንዱ ልጅ ንግግሩን ሁሉ ሲወስድ ዓይን አፋሩ ዝም ብሎ ያመሻል፤ ቂምም ይይዛል። ታሪኩን የሚመራው ልጅ ዝም ያለውን በስሙ ጠርቶ «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ይበለው።

ክቡር ሆይ፣ ታሪክ ሲያልቅባቸው እርስዎ ስለ ደብረ ዳሞ ይንገሯቸው፤ በጠፍር ካልሆነ የማይወጣውን ገደል፣ አቡነ አረጋዊን ያወጣቸውን ዘንዶ። (ጻድቁን ግን የጨዋታ ሰው እንዳያደርጓቸው።) ገደሉ ብቻውን ለብዙ ቅዳሜ ይበቃል። በማግሥቱ ቅዳሴ ስላለ፣ ጨዋታው ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዳያልፍ እንለምናለን።