እቴጌ ጣይቱ የማን ልጅ ናቸው?

ዛሬ ስለ ዘር ቆጠራ እንጫወት።

አባቶችን መቁጠር ቀላል ነው። ስም ራሱ ይቆጥርልናል። ጣይቱ፣ ብጡል፣ ኃይለ ማርያም። ኃይለ ማርያም የስሜን ገዥ ነበሩ። ብጡል ልጃቸው ናቸው፤ የደጃዝማች ውቤ ወንድም። ወንድ በወንድ ሄደን ስሜን ደረስን።

እቴጌ ጣይቱ ግን የየጁው የራስ ጉግሣም ዘር ናቸው። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ጉግሣ ማለት ነው። ታዲያ ይህ በስማቸው ውስጥ የት አለ? የለም። በሴት አያት በኩል የመጣ ነዋ!

እናታቸውስ? ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። እሳቸውንም በስሙ ውስጥ አናገኛቸውም። ጣይቱን ወደ እኛ አገር ያመጣው ግን የእናት መንገድ ነው። ብጡል ሲሞቱ ጣይቱ ገና ልጅ ነበሩ። እናት ሌላ ባል አገቡ። ባልየው የደብረ መዊ ገዳም አስተዳዳሪ ነበሩ። ከሰባታሚት ተነሥተን በአዴት መንገድ ብንሄድ ደብረ መዊን እናገኛለን። ጣይቱ እዚያ ተማሩ። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት፣ ከመኳንንት ቤት እንኳ፣ ብርቅ ነበረች።

በ1875 ምኒልክን አገቡ። ጣልያን ኤርትራን ይዞ ወደ መሐል አገር ሲገፋ፣ በ1888 ከጦሩ ጋር ዘመቱ። መቀሌ ላይ የምሽጉን ውኃ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ቆጠራችን እንመለስ።

ድሮ በጎጃም የእናትን ዘር መርሳት አይቻልም ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበርና። ሙግት ሲነሣ ሰው «በእገሊት በኩል ካቅኚው አባት እደርሳለሁ» ብሎ ይቆጥራል። መቁጠር ያቃተው መሬቱን ያጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ ተብሎ ታወጀ። ርስት ቀረ፤ ሙግቱም ቀረ። እሰየው! ግን የሴት አያቶች ስም አብሮ ተረሳ። ሰባት አባት የሚቆጥር ጎረምሳ «እስቲ ሦስት እናት ቁጠር» ቢሉት ይደናገራል።

እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። በዕድሜ የገፉ ዘመድ ካሏችሁ ደብተር ይዛችሁ ጠጋ በሉ። «እማማ፣ እናትሽ ማን ትባል ነበር? የእሷስ እናት? ከየት አገር መጣች?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ወዲያው ጻፉ።

ስም ብቻ ግን አይበቃም። የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደኖረች፣ በማን ዘመን እንደነበረች ጨምሩ። ስም ይደጋገማላ! የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ጉግሣ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ስሙ ያው የቅድመ አያታቸው ነው። እኒህ ጉግሣ በ1922 አንቺም ላይ በጦርነት ሞቱ። የፊተኛው ጉግሣ ከሞቱ ያኔ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ሁለቱም ራስ፣ ሁለቱም ደብረ ታቦር ተቀምጠው የገዙ ናቸው። «ራስ ጉግሣ፣ ደብረ ታቦር» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን ማለቱ ነው?