እሽጉን ገልብጠን እናንብብ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለእናቶች፣ ለአባቶችና ለባለሱቆች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚመጣው መንገድ ዳር ያሉ ሱቆቻችን ዱሮ የሚሸጡት ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ስኳር ነበር። ዛሬ ብስኩቱና ችፕሱ በየመስኮቱ ተንጠልጥሏል። አሁን ደግሞ አንድ ሱቅ ፍሪዘር አስገብቶ፣ በፋብሪካ ተሰናድቶ የቀዘቀዘ ሳምቡሳና የተከተፈ ድንች እየጠበሰ ይሸጣል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እዚያ ይሰለፋሉ። ባለሱቁ ወንድማችን ነው፤ ሠርቶ ይብላ፣ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ በሶ በጥብጬ ብሰጠው የድሃ ምግብ ነው ብሎ መለሰልኝ» ሲሉ ሁላችንም ዝም አልን። ይኼ ጽሑፍ ለዚያ ዝምታ መልስ ነው።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል ተምረናል። የፋብሪካ ምግብም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ላስታ ራሱ ድንች ያበቅላል፤ ከእሱው እንጀምር። 100 ግራም ድንች ተቀቅሎ ሲበላ 87 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት ይሰጣል፤ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ያው 100 ግራም በዘይት ተጠብሶ ሲመጣ ከ300 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሆናል፤ ስቡም ወደ 15 ግራም ይደርሳል። በስሱ ተቆርጦ በላስቲክ የታሸገው ችፕስ ደግሞ በ100 ግራም ከ500 ኪሎ ካሎሪና ከ30 ግራም ስብ በላይ ይዟል። ገንቢው ግን በተጠበሰው ድንች ውስጥ 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የጨመረው ዘይቱና ጨው ነው እንጂ ልጁን የሚገነባው አይደለም።

አሁን ወደ ጎተራችን እንመለስ። 100 ግራም ገብስ 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት፣ ከ10 ግራም በላይ ገንቢ፣ ሆድ የሚያለዝብ ብዙ አሰርም አለው። 100 ግራም ሽምብራ ወደ 20 ግራም ገንቢ አለው። ገብስና ሽምብራ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እናቶቻችን የገብስ ቆሎን ከሽምብራ ጋር ሲቀላቅሉ ሐኪም ነግሯቸው አይደለም፤ ግን ልክ ነበሩ። በሶ የድሃ ምግብ ነው ያለው ልጅ እንግዲህ ይህን ይስማ።

ፍርዳችን ግን ሚዛናዊ ይሁን። ማቀዝቀዝ በራሱ ምግብን አያበላሽም። እኛም ቋንጣ እናደርቃለን፣ ድርቆሽ እናስቀምጣለን፤ በሶውም ቢሆን ለመንገድ ተብሎ የተሰናዳ ስንቅ ነው። የምስር ሳምቡሳ ቢሆን ምስሩ ደግ ነገር ነው። ጥያቄው ምስሩ ስንት ነው የሚለው ነው። ለዚህም እሽጉን መገልበጥ ያስፈልጋል። ከጀርባው የተጻፈው ይዘት በሥርዓቱ የሚዘረዘረው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ብዙው ነው። ዱቄትና ዘይት ቀድመው ምስሩ ከኋላ ከመጣ፣ የገዛነው ዱቄትና ዘይት ነው። ጨውም ሶዲየም ተብሎ በሚሊ ግራም ይጻፋል፤ 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም 1 ግራም ጨው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ለሕፃን ከዚያም ያነሰ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ በተለይ እናሳስባለን። አንደኛው ጾም ነው። በብዙ ብስኩት ውስጥ የወተት ዱቄት አለ፤ በአንዳንዱም እንቁላል ይገባል። ከእኛ መካከል በሁዳዴ «ብስኩት ምን አለበት» ብላ ገዝታ፣ ኋላ የ5ኛ ክፍል ልጇ ሲያነብላት የደነገጠች እናት አለች። ሁለተኛው የዘመን ቁጥሩ ነው። በእሽግ ላይ የሚጻፈው የመጠቀሚያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መጋቢት 2024 የሚል እሽግ ያየ ሰው ገና ብዙ ዓመት ቀርቶታል ብሎ ይገዛል፤ እሱ እኮ በእኛ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ያለቀ ነው! ስለዚህ ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ።

ለባለፍሪዘሩ ወንድማችንም አንድ ቃል አለን። የቀዘቀዘ ምግብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት። ብርዱ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ ሁሉንም አይገድላቸውም፤ ምግቡ ሲሟሟ ይነቃሉ። መብራት ሲጠፋ ክዳኑ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ የሞላው አንድ ቀን ያህል ይይዛል። ከዚያ ያለፈውንና ሟሙቶ የሞቀውን መልሶ አቀዝቅዞ ለልጅ መሸጥ ነውር ነው። የእኛን መብራት ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራቱ ሲጠፋ፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን፣ ያቆየን በጎተራ የነበረው ገብስ ነበር። ይኼን ልጆቻችን እንዲረሱት አንፈልግም።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ወረቀት ባላበላሸን ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 41 ወርዷል፤ አሁንም ብዙ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ስሙን የሰጠው ከጎረቤታችን ከሰቆጣ ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ቃሉ በስማችን አጠገብ ተገብቶ እኛ የልጅ ሆድ በብስኩትና በስኳር ስንሞላ ምን ይባላል? የልጅ ሆድ ትንሽ ናት። በማይገነባው ከሞላች ለሚገነባው ቦታ አይቀርም።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

1ኛ. ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ከዚያም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ከጡቱ ጋር ከገብስና ከጥራጥሬ የተሠራ ወፈር ያለ ገንፎ ይመገብ፤ እንቁላልና ወተት ሲገኝ ይጨመርለት። የእሽግ ምግብ አይሰጠው። ቆሎም ለትንሽ ልጅ ያንቃልና በሶው ይሻላል።

2ኛ. በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብስኩት መግዛት ቀርቶ ቆሎው ከሠፈራችን ቆሎ ቆይ እናቶች ይገዛ። ገንዘቡም እዚሁ ይቀራል።

3ኛ. ማንበብ የሚችሉ ተማሪዎች ለቤተሰባቸው እሽጉን ገልብጠው ያንብቡ።

4ኛ. ባለሱቆች ከብስኩቱ ጎን የታሸገ ቆሎና በሶ ያስቀምጡ። ልጅ የሚመርጠው የሚያየውን ነው።

ሳምቡሳው ለበዓል፣ ለእንግዳ፣ አልፎ አልፎም ለልጅ ደስታ ይሁን፤ አንከለክልም። የዕለት ስንቅ ግን አይሁን። ሐሳቡ የማይስማማው አባል ካለ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ይናገር፤ ቆሎው ከእኛ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ