ጠሪው ማን ነው? ስማርት ስልክና የሰው ትኩረት

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቅ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ እ.አ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ሕጉ ልጆችንም ሆነ ወላጆችን አይቀጣም። ግዴታቸውን ያልተወጡ ኩባንያዎች ግን እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጡ ይችላሉ።

ሕጉ ግቡን ይምታ አይምታ ገና እያከራከረ ነው። ኃላፊነቱን በማን ላይ እንደጣለ ግን ልብ ሊባል ይገባል። የስልክ ጥገኝነት በተነሳ ቁጥር ወቀሳው ለዓመታት ሲያርፍ የኖረው በተጠቃሚው ላይ ነበር። ልጁ ሰነፈ፣ ወላጁ ቸል አለ፣ ሠራተኛው ራሱን መግዛት አቃተው ይባላል። አሁን ጥያቄው ወደ አምራቾቹ እየዞረ ነው።

ማብቂያ የሌለው ገጽ

አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን መረጃ ሲትረፈረፍ የሰው ትኩረት ብርቅ እንደሚሆን ያመለከቱት በ1971 ነበር። የመጀመሪያው አይፎን ከመታየቱ 36 ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። ዛሬ ለተጠቃሚው በነፃ የሚቀርቡ አብዛኞቹ መድረኮች የሚኖሩት ከማስታወቂያ በሚያገኙት ገቢ ነው። ተጠቃሚው ገጹ ላይ በቆየ መጠን የሚያየው ማስታወቂያ ይበዛል፤ ገቢውም እንዲሁ።

ይህ ፍላጎት በመተግበሪያዎቹ አሠራር ውስጥ ይታያል። ቀደም ሲል አንድ የኢንተርኔት ገጽ መጨረሻ ነበረው። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ይቀጥል ወይም ይብቃው እንደሆነ ይወስናል። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለው ባለሙያ የፈጠረው ወደ ታች በተሳበ ቁጥር የሚቀጥል ገጽ ግን ያንን የውሳኔ ቅጽበት አስቀረው። ራስኪን ራሱ በፈጠራው መጸጸቱን በኋላ በአደባባይ ተናግሯል።

ጥናቶች የሚሉት

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ያስተማሩት ግሎሪያ ማርክ ሰዎች ከአንድ የኮምፒውተር ገጽ ወደ ሌላው ከመዞራቸው በፊት ምን ያህል እንደሚቆዩ ለረጅም ዓመታት ለክተዋል። በ2004 አማካዩ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል።

በ2017 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የወጣ ጥናት ደግሞ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ የአእምሮ ፈተና ውጤት እንዳመጡ አሳይቶ ነበር። ይሁንና ሙከራውን የደገሙ ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ ስልክ አእምሮን ያደነዝዛል ብሎ መደምደም መቸኮል ይሆናል። ጠንከር ያለው ማስረጃ የሚያመለክተው ትኩረት በተደጋጋሚ ሲቆራረጥ ሥራም ዕረፍትም እንደሚጎዱ ነው።

ለራቀ ሰው

በስደት ለሚኖር ሰው ጉዳዩ ይወሳሰባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ ሴቶችን ስልክ አንዳንድ አሠሪዎች እንደሚቀሙ የመብት ድርጅቶች በተደጋጋሚ ዘግበዋል። ለእነዚህ ሴቶች ስልክ የእናት ድምፅ የሚሰማበት፣ በደል ሲደርስም እርዳታ የሚጠራበት ብቸኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያም ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙዎች የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል።

ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ ጦርነት የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ በውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች የዘመዶቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ወራት አሳልፈዋል። እንዲህ ያለውን ዝምታ የቀመሰ ሰው ስልኩን ከትራሱ ሥር አድርጎ ቢተኛ ሱስ ያዘው ማለት ይከብዳል። ችግሩ የወገን ድምፅ የሚጠበቅበት መስታወት ያልተጣራ ወሬና የቁጣ ቪዲዮም የሚፈስበት መሆኑ ነው። ለአንድ መልእክት የተከፈተ ስልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳይዘጋ ይገኛል። ጭንቀቱ የተጠቃሚው ነው፤ ትርፉ ግን የመድረኩ።

ከዚህ አንጻር ስልኩን አጥፋ የሚለው የተለመደ ምክር ለሁሉም አይበጅም። ሰው ፈልጎ የሚደውልበትና የሚደወልለት መሣሪያ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ያለ ፋታ የሚጠራው ሥርዓት ደግሞ ሌላ። የቤተሰብን ጥሪ ብቻ አስቀርቶ የመተግበሪያዎችን ማሳወቂያ መዝጋት ማንም ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ትልቁ ሥራ ግን የሕግ አውጪዎች ነው። ልጆችን ለመጠበቅ ሲባል የሚወጣ ደንብ ይህን ልዩነት ካላየ፣ ኩባንያዎቹን ሳይነካ የእናትና የልጅን መገናኛ ሊያጠብ ይችላል።