«የተለካ» የምንለው የፀሐይ ጨረር በእርግጥ ተለክቷልን?

ሞዴል የሚሰጠውን የፀሐይ ጨረር መጠን ከመሬት ልኬት ጋር ማነጻጸር ተገቢ የምርምር ሥራ ነው። ሆኖም «ልኬት» ያልነው ቁጥር ራሱ ስሌት ከሆነ፣ ያነጻጸርነው ግምትን ከግምት ጋር ነው።

በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ለረጅም ዘመን ያገለገለው የካምቤል-ስቶክስ መሣሪያ የመስተዋት ኳስ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን አሰባስቦ በካርድ ላይ የቃጠሎ መስመር ያሰፍራል። የሚመዘግበውም ፀሐይ የወጣችባቸውን ሰዓታት እንጂ የጨረሩን ኃይል አይደለም። ሰዓቱን ወደ ኃይል የሚለውጠው የአንግስትሮም-ፕሬስኮት ቀመር ሲሆን፣ የአካባቢ ልኬት በሌለበት የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የሚመክራቸው 0.25 እና 0.50 የተባሉት ቋሚ ቁጥሮች ይወሰዳሉ። በዚህ ስሌት፣ ፀሐይ ጨርሶ ባልታየችበት ቀን ከከባቢ አየር በላይ ካለው ጨረር 25 በመቶው መሬት ይደርሳል። ደመናው ስስ ቢሆንም፣ የሐምሌን ዶፍ ያዘለ ጥቁር ደመና ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው።

ቀመሩ ለብዙ ሥራ ይጠቅማል፤ ለሞዴል ዳኛ መሆን ግን አይችልም፤ በተለይም እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ቦታዎች። በዚህ አካባቢ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ሲል፣ የዓባይ ሸለቆ ወደ ሞቃት ቆላ ይወርዳል። ጎኑ አንድ ዲግሪ፣ ማለትም 111 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሞዴል ሕዋስ ግን ደጋውንም ቆላውንም በአንድ አማካይ ደመና ሊሸፍናቸው ይችላል።

ዓመታዊ አማካይም ያዘናጋል። ሞዴሉ የክረምቱን ጨረር አብዝቶ የበጋውን ቢያሳንስ፣ ስሕተቶቹ እርስ በርስ ተጣፍተው ሞዴሉ እንከን የለሽ ይመስላል። የጤፍን እድገት የሚያሰላ ተመራማሪም ሆነ ለገጠር ጤና ጣቢያ የፀሐይ ኃይል ባትሪ የሚመርጥ መሐንዲስ የሚያስፈልገው ግን የነሐሴ ቁጥር ነው። በዚያ ወር የተሳሳተ ሰው መብራቱን የሚያጣው በዚያው ወር ነው።

በደመና ውስጥ የሚያልፈውን ጨረር በቀጥታ መለካት ከአቅም በላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1998 ተመራማሪዎች በአርክቲክ ውቅያኖስ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ሰፍረው ለአንድ ዓመት ያህል ለክተውታል። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ እጅግ ይቀላል፦ የጨረርን ኃይል በቀጥታ የሚለካ ፓይራኖሜትር በቢቸናና በሞጣ ተክሎ፣ መስተዋቱን እያጸዱ ክረምትና በጋውን መመዝገብ ነው። እስከዚያው ድረስ በጥናቶቻችን ውስጥ «የተለካ» እና «የተሰላ» የሚሉትን ቃላት እንለይ፤ ስሕተቱንም በዓመት ሳይሆን በየወሩ እንግለጽ።