የተቃወመው ሰው ስም ይጻፍ

በሠራተኛ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ ላይ ፈጥኖ የሚያልፈው አጀንዳ የአጋርነት ውሳኔ ነው። በደመወዝ ጭማሪ ወይም በትራንስፖርት አበል ላይ ግማሽ ቀን የሚከራከር ኮሚቴ፣ በሌላ ድርጅት ለተባረሩ ሠራተኞች አጋርነታችንን እንግለጽ ሲባል እጁን አውጥቶ ወደ ቀጣዩ ጉዳይ ይሄዳል። የሚቃወመውም ወገኑን የከዳ እንዳይመስል ዝም ይላል። ቃለ ጉባዔው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ ደብዳቤው ይላካል። በስሙ ቃል የተገባበት አባል ነገሩን የሚሰማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ነው። ይህን አሠራር እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም አጋርነት ክብደት እንዲኖረው ስለምፈልግ ነው።

የገዛ ታሪካችን በቂ ትምህርት አለው። በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አካሄደ። ወደ 100 ሺሕ የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። ከጥያቄዎቹ መካከል የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይገኝበታል። በወቅቱ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም አይችልም ነበር። የመደራጀት መብት በእጁ የነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ ይህን መብት ለተነፈገው ወገኑ ጭምር ደመወዙን አስይዞ ወጣ። በቀጣዮቹ ወራት አድማው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲዛመት፣ ለሌላው የቆመ ሌላውን ከጎኑ እንደሚያገኝ ታየ። ከዚህ የበለጠ የአጋርነት ማስረጃ አላውቅም።

ከአድማው ስድስት ወር ያህል በኋላ፣ በመስከረም 1967፣ ያው ማኅበር የወታደሩን አገዛዝ ተቃውሞ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ፤ አድማም ጠራ። ደርግ መሪዎቹን አሰረ፤ የታሰበው አድማ ሳይሆን ቀረ። የእስሩን ጉልበት አልክድም። ነገር ግን በየካቲት ሠራተኛው የሚያውቀውን የኑሮ ውድነት፣ የሚያውቀውን ደመወዝ ይዞ ወጣ፤ በመስከረም ግን የአገሪቱ መንግሥት ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በየፋብሪካው በቅጡ ሳይመከርበት ከላይ የወረደ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ገና በደርግ ተስፋ በጣለበት ሰሞን፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆንም እንኳ ብቻውን ሊቆም አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ውስጥ ልዩነት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የተደራጀው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) አመራር በመንግሥት የመዋቅር ማስተካከያ ፖሊሲና ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር በሚኖረው ግንኙነት ላይ ተከፋፈለ። በ1987 የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ምዝገባውን ሰረዘ፤ ኮንፌዴሬሽኑ ዳግም የተቋቋመው በ1989 ነው። በመካከሉ ለነበሩት ዓመታት የአገሪቱ ሠራተኛ ብሔራዊ ማዕከል አልነበረውም። ስረዛው ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም፤ የማኅበር ዕጣ በሚኒስቴር ወረቀት መወሰን የለበትም። ሆኖም በጉባዔ የሚፈታ ጠብ ከጉባዔው ደጃፍ ሲወጣ፣ የውጭ ዳኛ መግቢያ ያገኛል። ልዩነቱ አይደለም ያፈረሰው፤ ልዩነቱን የሚያስተናግድ ቤት መታጣቱ ነው።

ኮሚቴ ውስጥ የሚቃወም ሰው ሰላይ ወይም የአሠሪ ወዳጅ ነው የሚለውን ጥርጣሬ በብዙ ማኅበራት አይቻለሁ። ያማል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ መዋጮውን የሚከፍለውን፣ ዝም ብሎ የሚሰማውን አባል ሥጋት ነው ይዞ የመጣው። ስሙና ምክንያቱ በቃለ ጉባዔው ይስፈር። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በብልጫ ድምፅ የተወሰነው ሁሉንም ያስተሳስራል፤ ተቃዋሚው ግን ሐሳቡን በጠቅላላ ጉባዔ የማቅረብ መብቱ አይነካም። እንዲህ የተስተናገደ ሰው አንጃ አይመሠርትም።

ነገሩ አስቸኳይ ነው፣ ዛሬ ለተባረረ ሠራተኛ መግለጫው ዛሬ መውጣት አለበት የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የሐዘንና የተቃውሞ ቃል ኮሚቴው በዕለቱ ይበል። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ሥራ የሚያስቆም፣ አባሉን ለቅጣት የሚያጋልጥ አጋርነት ሲሆን ግን ወደ መሠረታዊ ማኅበራት መውረድ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የሥራ ማቆም እርምጃ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የማኅበሩ አባላት በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ እንዲደገፍ ይጠይቃል። ሕጉ ለአድማ የጠየቀውን መንፈስ ማኅበራት ለከባድ የአጋርነት ውሳኔ በራሳቸው ፈቃድ ቢወስዱት ይጠነክራሉ።

ይህን የምለው ሥራው ገና ስላላለቀ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አያካትትም። የ1966ቱ ጥያቄ ዛሬም አለ ማለት ነው። የሥራ አስፈጻሚ አባላት ሆይ፣ ለእነዚህ ወገኖቻችን ለመቆም ውሳኔ ስታዘጋጁ ረቂቁን አስቀድማችሁ በየሥራ ቦታው አስመክሩበት፤ ተቃውሞ ካለ እስከ መጨረሻው አድምጡ፣ ጻፉትም።